ሲሊከን በመማሪያ ክፍልና ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ

ስለ ሲሊከን የሚሰጠው የኬሚስትሪ ትምህርት በአብዛኛው አንድ ዓይነት መልክ አለው። በመጀመሪያ የንጥረ ነገሩ ምልክትና የአቶም ቁጥሩ 14 መሆኑ ይገለጻል። ቀጥሎ ከካርቦን በታች በዚያው ምድብ የሚገኝ፣ በጠባዩም በብረት አስተኔዎችና በኢ-ብረት አስተኔዎች መካከል የሚቆም መሆኑ ይነገራል፤ በምድር ቅርፊት ውስጥ በክብደት ከመቶ 28 ገደማ የሚሆነውን ይዞ ከኦክስጅን ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ መገኘቱም ይጨመራል። በመጨረሻም «ጥቅሙ» በሚል ርእስ ሥር ትራንዚስተር፣ የኮምፒዩተር ቺፕ፣ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ፣ መስታወትና ሲሚንቶ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተደርድረው ትምህርቱ ይፈጸማል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሐሰት ነው ተብሎ የሚነቀስ ቃል የለም። ጉድለቱ በአደራደሩና ሳይነገር በቀረው ነገር ላይ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞና በለቡ ወይም በላፍቶና በመካኒሳ መንገዶች ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ተማሪ ሲሊከንን ሳያይ የሚያልፍበት ቀን የለም። በየግንባታው በር የተቆለለው አሸዋ፣ በየሜዳው እንዲደርቅ የተደረደረው ብሎኬት፣ የመስኮት መስታወት የሚቆርጡት የአልሙኒየም ሥራ ቤቶች፣ ግራናይት የሚሰነጠቅባቸው ግቢዎች፣ እቤቱም ሲገባ ጀበናውና የሸክላው ምጣድ፣ ሁሉም የዚህ ንጥረ ነገር ውሁዶች ያሉባቸው ናቸው። ተማሪው ግን ሲሊከን ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «የኮምፒዩተር ዕቃ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ከተማረው ጋር ስለሚስማማ ሊወቀስ አይገባም፤ ሊመረመር የሚገባው ትምህርቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የስሞቹ ጉዳይ ይነሣል። በአዲስ አበባ ተማሪው እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ከተማረ በኋላ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የሳይንስ ትምህርቶችን በእንግሊዝኛ ይከታተላል። በዚህ መሸጋገሪያ ላይ በድምፅ እጅግ የሚቀራረቡ ሦስት የባዕድ ቃላት ይገጥሙታል፤ እነርሱም ሲሊከን፣ ሲሊካና ሲሊኮን ናቸው። የመጀመሪያው ንጥረ ነገሩ ነው፤ ግራጫ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሲመታ የሚሰባበር፣ በ1,414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ጠጣር። ሁለተኛው የሲሊከንና የኦክስጅን ውሁድ ሲሆን ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይና የአብዛኛው ነጭ አሸዋ አካል ነው። ሦስተኛው ሰው ሠራሽ ፖሊመር ነው፤ ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ በሚሠሩት ሰንሰለት ላይ ካርቦን ያለባቸው ክፍሎች የተቀጠሉበት፣ ውኃ የማያስገባና ሙቀት የሚችል፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር። መስታወት ገጣሚው በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ከቱቦ እየጨመቀ የሚያስገባው ማጣበቂያ ይኸው ነው።

እንግዲህ የመስታወት ገጣሚ ልጅ ወይም ታናሽ ወንድም ክፍል ውስጥ ገብቶ ሲሊከን ጠጣርና ተሰባባሪ ነው ሲባል ቢሰማ ምን ያስብ? በየቀኑ በእጁ የሚነካው ለስላሳና ተለጣጭ ነው፤ ስሙም በመንገዱ አነጋገር «ሲሊከን» ነው። ከሁለት አንዱን ማድረግ ግድ ይሆንበታል፤ ወይ መምህሩን አያምንም፣ ወይ የገዛ እጁን አያምንም። ብዙዎቹ ሦስተኛውን መንገድ ይመርጣሉ፤ የክፍሉን ለፈተና፣ የመንገዱን ለኑሮ ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ይህ ዓይነቱ መለያየት በሳይንስ ትምህርት ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ በፈተና ውጤት ላይ አይታይምና። ችግሩን ለማስወገድ ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። መምህሩ አንድ ባዶ የማጣበቂያ ቱቦ፣ አንድ እፍኝ አሸዋና የተሰበረ የፀሐይ መብራት ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጥ ሦስቱ ስሞች ሦስት ነገሮች ሆነው ይታያሉ። ሲሊኮን የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ኬሚስት ፍሬደሪክ ኪፒንግ ራሱም ውሁዶቹ ኬቶን ከሚባሉት የካርቦን ውሁዶች ጋር የሚመሳሰሉ መስሎት ነበር፤ በኋላ በውስጣዊ አሠራራቸው የማይመሳሰሉ ሆነው ተገኝተዋል። በስሙ የተሳሳተው ተማሪው ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ነቀፌታ የጥቅሞቹን ቅደም ተከተል የሚመለከት ነው። ቺፕን በመጀመሪያ፣ መስታወትንና ሲሚንቶን በመጨረሻ ማስቀመጥ ንጥረ ነገሩን ዘመናዊ ያስመስለዋል እንጂ እውነተኛ መጠኑን አያሳይም። ተጣርቶ ንጥረ ነገር ሆኖ ከሚመረተው ሲሊከን እንኳ ለኤሌክትሮኒክስ የሚውለው ጥቂቱ ሲሆን፣ የሚበዛው ከብረትና ከአልሙኒየም ጋር ለመደባለቅ፣ ሲሊኮን ለመሥራትና ለፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ይውላል። ሳይጣራ በአሸዋ፣ በሸክላና በድንጋይ መልክ ከሚሠራበት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ይህ ሁሉ ተደምሮ ከምንም አይቆጠርም።

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ትምህርቱ የሚጀምርበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ከጀሞ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ከመልካ ቁንጡሬና ከባልጪት ይደርሳል። በባልጪት ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት መሬት ላይ ተበትኖ ይገኛል፤ የጥንት ሰዎች ከ1 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ጀምሮ እየፈለጡ መሣሪያ ሠርተውበታል። ሁለቱ ሥፍራዎች በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አማርኛ ለዚህ ድንጋይ ከጥንት ጀምሮ ባልጩት የሚል ስም ስላለው ለተማሪው አዲስ ቃል ማስተማር እንኳ አያስፈልግም። ባልጩት ከመቶ 70 በላይ ሲሊካ ነው፤ የመስኮቱ መስታወትም ሲሊካው ከመቶ 70 ገደማ ነው። ልዩነታቸው አንዱን እሳተ ገሞራ፣ ሌላውን እቶን ማቅለጡ ነው። ሲሊካ ብቻውን ከ1,700 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ስለማይቀልጥ ባለ ፋብሪካው ሙቀቱን ለማውረድ ሶዳ አሽ፣ መስታወቱም ውኃ እንዳያሟሟው የኖራ ድንጋይ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ መምህሩ ሶዳ አሽ ሲመረትበት የኖረውን የአብጃታን ሐይቅና የሙገርን የኖራ ድንጋይ ቢጠቅስ አንድ ብርጭቆ የአገሪቱን መልክዓ ምድር ይዞ ክፍል ይገባል። ከዚያ ወደ ሲሚንቶ ማለፍ ቀላል ነው፤ በ1,450 ዲግሪ ገደማ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተቃጥለው የካልሲየም ሲሊኬቶች ይሆናሉ፤ ውኃ ሲነካቸው የሚጠጥሩትም እነዚህ ናቸው።

ቺፕ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ማለት ግን ማዕረጉ ዝቅ ይላል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተማሪው አሸዋን ካወቀ በኋላ ያንኑ አሸዋ በኤሌክትሪክ እቶን ከካርቦን ጋር አቃጥሎ ኦክስጅኑን ማስለቀቅ፣ ከዚያም ከአንድ ቢሊዮን አቶሞች ውስጥ አንድ ባዕድ አቶም እስከማይገኝበት ድረስ ማጥራት ምን ያህል ድካም እንደሆነ ይረዳል። የክፍለ ከተማው ስም ራሱ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ንፋስ ስልክ ማለት ሕዝቡ ገመድ አልባውን የመልእክት ማስተላለፊያ የጠራበት ስም ነውና። አሜሪካዊው ግሪንሊፍ ፒካርድ የሬዲዮ ሞገድን በሲሊከን ክሪስታል የመቀበልን ዘዴ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የሲሊከን ትራንዚስተር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ሲሊከን ከኮምፒዩተር ጋር ሳይተዋወቅ በፊት ከነፋስ ስልክ ጋር ተዋውቋል።

ከዚህ በላይ የተባሉት ሁሉ የአቀራረብ ጉዳዮች ናቸው፤ ቢስተካከሉ መልካም፣ ባይስተካከሉ ማንም አይሞትም። ቀጥሎ ያለው ግን እንዲህ አይደለም። «ጥቅሙ» ከሚለው ርእስ ሥር ስለ ሲሊካ አቧራ የሚነገር ነገር የለም። ግራናይት ሲሰነጠቅ፣ ኮንክሪት በኤሌክትሪክ መቁረጫ ሲቆረጥ፣ አሸዋ ያለበት ድንጋይ ሲጠረብ በዓይን የማይታይ ደቃቅ የኳርትዝ ብናኝ ይነሣል። ይህ ብናኝ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ድረስ ይገባል፤ ገብቶም አይወጣም፤ ሳንባው እየጠባሰና እየደረቀ ይሄዳል። ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከ10 ዓመት በላይ ከተሠራ በኋላ ነው፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሥራ ቦታ የሚተነፈሰውን የኳርትዝ ብናኝ እ.ኤ.አ. በ1997 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች መካከል መድቦታል። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ሻሽ ይህን ብናኝ አያግደውም። በሚቆረጠው ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ግን አቧራውን ከምንጩ በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ትምህርቱን አቋርጦም ሆነ ፈጽሞ ወደ ግንባታና ወደ ድንጋይ ሥራ የሚገባው ወጣት ከላይ የተባለውን ከየት ይስማው? ሲሊከን የተጠቀሰበት ክፍለ ጊዜ ሳይጠቀምበት ካለፈ ሌላ አጋጣሚ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ስለ ትራንዚስተር የተነገረውን ቢረሳ የሚጎዳው ነገር አይኖርም፤ ስለ አቧራው ሳይነገረው ቢቀር ግን ዋጋውን የሚከፍለው በአርባ ዓመቱ ነው። መምህሩ ጥንቃቄ ሊያደርግበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ አቧራ ሁሉ አንድ አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ እየተቆረጡ ካሉት ሁለት ድንጋዮች እብነ በረዱ በአመዛኙ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ በኳርትዝ የበለጸገው ግራናይቱ ነው። ይህን ሳይለዩ በደፈናው «አቧራ ጎጂ ነው» ማለት ተማሪው ከእናቱም ዘወትር የሚሰማው ምክር ስለሆነ አዲስ እውቀት አይሆነውም።

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች በዚህ ላይ የሚሰጡት መልስ ይታወቃል። መጽሐፉ ለመላ አገሪቱ የሚታተም ነው፤ ገጹ የተወሰነ ነው፤ በፈተና የሚጠየቀው ምድቡና ጠባዩ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ክብደት አለው፤ የጀሞን የመስታወት ሥራ ቤት በመጽሐፍ ላይ ማተም ለጎዴ ወይም ለሑመራ ተማሪ አይጠቅምም። ነገር ግን አሸዋ፣ ሸክላና ድንጋይ የሌለበት ወረዳ የለም፤ መጽሐፉ ቦታውን ባይጠራ መምህሩ እንዲጠራ የሚያዝ አንድ መስመር በመምህሩ መምሪያ ላይ ሊኖር ይችላል። የገጹ ጉዳይ አያሳምንም፤ ስለ አቧራው ለመናገር ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃልና። ስለ ፈተናው የሚባለው እውነት ነው፤ ፈተናውን የሚያወጡትም የትምህርት ሰዎች ስለሆኑ ወቀሳው ወደ መምህሩ ሊተላለፍ አይገባም።

ስለ ሙከራው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአንዳንድ የቤተ ሙከራ መምሪያዎች አሸዋን ከማግኒዚየም ዱቄት ጋር አጋግሎ ሲሊከን ማውጣት እንደ ሠርቶ ማሳያ ይቀርባል። ሙከራው ማራኪ ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ባለበት አሸዋ ሊፈነዳ ይችላል፤ ውጤቱ በአሲድ ሲታጠብም ሲሌን የተባለው ጋዝ ወጥቶ አየር ሲነካው በራሱ ይቀጣጠላል። ብዙ ተማሪ በተጨናነቀበትና የጭስ መውጫ በሌለበት ክፍል ሊሞከር አይገባውም። በእርሱ ፈንታ አንድ ስባሪ እብነ በረድና አንድ ስባሪ ግራናይት ወስዶ፣ ሁለቱንም በምስማር ፍቆ፣ በተፋቀው ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ማድረግ ይቻላል። እብነ በረዱ በቀላሉ ይፋቃል፣ አረፋም ያወጣል፤ ግራናይቱ ምስማሩንም ሎሚውንም ይቋቋማል። ስባሪዎቹን ድንጋይ ከሚቆረጥበት ግቢ ዘበኛ ለምኖ መውሰድ ይቻላል፤ ሎሚው ደግሞ ከጉልት ይገኛል።