መልካሙን የማስረጃ ሠራተኛ ስለ መለየት

ከድሬዳዋ በስተ ምሥራቅ፣ የሲራራ ነጋዴ ከዘይላ ወደ ሐረር ሲወጣ ግመሉን ያሳርፍባትና ቀረጡን ይከፍልባት በነበረችው በጀልዴሳ አጠገብ፣ በ1878 ዓ.ም. ኮንት ጃን ፒየትሮ ፖሮ የሚባል የሚላኖ ሰው ከነጓደኞቹ ተገደለ። ግብፆች ከለቀቁ በኋላ ሐረርን ይገዛ የነበረው አሚር አብዱላሂ ያዘዘው እልቂት መሆኑን ታሪክ ጸሐፍት ይናገራሉ፤ በማግሥቱም ዓመት ምኒልክ፣ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ አሚሩን በጨለንቆ ድል ነሡት፤ በ1895 ዓ.ም. ደግሞ የምድር ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ የጀልዴሳ በር ሥራ ፈታ። ነገር ግን ፖሮ በወደቀበት አሸዋ ላይ ማን የት እንደ ቆመ፣ ጥይቱም ከወዴት እንደ መጣ ለክቶና ጽፎ ለዳኛ የሚያቆይ ሠራተኛ በዚያ ዘመን በዚያ ምድር አልነበረምና፣ ነገሩ ለታሪክ እንጂ ለፍርድ የሚበቃ ሆኖ አልቀረም። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው «የፎረንሲክ ባለሙያ» እንለዋለን፤ ሥራው መልካም ይሁን ክፉ በምን እንደሚታወቅ ከሙያው ውጭ ላለው አንባቢ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው።

የቀደሙት አባቶቻችን ወንጀለኛን ለመፈለግ ሰነፎች አልነበሩም። ሌባሻይ በሚባለው ልማድ አንድ ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ ልቡናውን ሲስት፣ ወገቡን ታጥቆ በመታጠቂያው የያዘው ሰው እየተከተለው፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር፤ በአውጫጭኝ ደግሞ ያገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱና ወደ እርሻው እንዳይመለስ ይታገድ ነበር። የእነዚህ ሥርዓቶች ነቀፋ ሐሰትን ሊያመጡ መቻላቸው ብቻ አይደለም፤ ሐሰትማ በተማረ ሰው ሥራ ውስጥም አይታጣም። ዋናው ነቀፋ ብላቴናው የሄደበትን መንገድ ሌላ ሰው ዳግመኛ ሄዶ ሊመረምረው አለመቻሉ ነው። እኔም የማስረጃ ሠራተኛን የምመዝነው በዚህ ነው፤ እርሱ በሌለበት፣ እርሱን ፈጽሞ የማያምን ሰው፣ ሥራውን ከፍርድ ቤት ጀምሮ ወንጀሉ እስከ ተፈጸመበት ስፍራ ድረስ ወደ ኋላ ሊከተለው ይቻለዋልን?

በጀልዴሳ ቆላ ግመል የሚያረባ ሰው የራሱን ግመል ዱካ ከመንጋው ዱካ መካከል ለይቶ ያውቃል። ይህ እውነተኛ ዕውቀት ነው፤ ከላቦራቶሪ ዕውቀት የሚያንሰውም በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከባለቤቱ ዓይን ወጥቶ በወረቀት ላይ አያድርም። ስለዚህ መልካሙ ባለሙያ እረኛውን አይንቅም፤ ይጠይቀዋል፣ ቃሉንም ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ዱካውን ራሱን ይዞ ለመሄድ ይደክማል።

በመጀመሪያ ሲደርስ ሥራ ፈት ይመስላል፤ ቆሞ ያያል እንጂ ምንም አያነሣም። በአገራችን የሟች ዘመድ እያለቀሰ ይሮጣል፣ ያገኘውንም ጨርቅ በአስከሬኑ ላይ ይጥላል፤ ይህ የሰው ወግ ነውና በቁጣ ሊከለከል አይገባም። ክፉው ሠራተኛ ሐዘንተኛውን ያመናጭቃል፣ ጨርቁንም ወዲያ ይወረውራል፤ መልካሙ ግን ያለበሰው ማን እንደ ሆነ ይጽፋል፣ ጨርቁን ለብቻው ያሽጋል፣ ወደ ስፍራው የገቡትን ሁሉ፣ ቀድመው የደረሱትን ፖሊሶች ጭምር፣ የጫማቸውን ዱካና የጣታቸውን አሻራ ለመለያ ይወስዳል። ንድፉንም ሲሥል ርቀትን የሚለካው ከማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ከድንጋይ ቤት ማዕዘን ነው። (ከቆመ የጭነት መኪና ጎማ ተለክቶ የተሣለ ንድፍ፣ መኪናው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ለማን ይጠቅማል?)

እንግዲህ በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ የጫማ ዱካ ተገኘ እንበል፤ የሙያተኛ እጅ ከዚህ ይልቅ የሚፈተንበት ስፍራ ጥቂት ነው። አስቀድሞ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሞ ከዱካው በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይመለከታል፣ ማስመሪያው ከዱካው ጎን የጫማው ሶል በረገጠበት ከፍታ ይቀመጣል፣ የቀትር ፀሐይ በጨርቅ ይጋረድና ባትሪው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ከየአቅጣጫው በተራ ይበራል፤ የሶሉ ቅርጽ ጎልቶ የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነውና። ሰውየው በአግድም ቆሞ ያነሣው፣ የራሱ ጥላ የወደቀበት፣ በማስመሪያ ፈንታ እስክሪብቶ የተጋደመበት ፎቶግራፍ ካያችሁ የቀረውን ሥራውን ሳትመረምሩ ልትጠራጠሩት ትችላላችሁ። ቀጥሎ ጄሶ ይበጠብጣል፤ ነገር ግን በደረቅ አሸዋ ላይ ጄሶን በቀጥታ ማፍሰስ ዱካውን ማፍረስ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ የፀጉር ላክ ከፍ አድርጎ ይረጭና እንደ ጠል ቀስ ብሎ እንዲወርድ አድርጎ አሸዋውን ያጸናዋል፤ ጄሶውንም ከዱካው ጠርዝ ጀምሮ ራሱ እየፈሰሰ እንዲሞላው ይለቀዋል፤ ሳይደርቅም በጀርባው ላይ ቀኑን፣ ስፍራውን፣ ስሙንና የሰሜንን አቅጣጫ ይጭርበታል። የተጣበቀውን አሸዋ አያራግፍም፣ ያ የላቦራቶሪው ፈንታ ነው፤ ስለዚህ ታጥቦ ነጥቶ የቀረበ ቅርጽ ላላዋቂ ቢያምርም እኔን ያሠጋኛል። ከአጠገቡም ምንም ዱካ ከሌለበት መሬት እፍኝ አሸዋ ወስዶ ለብቻው ያኖራል፤ ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር እንዳስተማረው ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ለሌላው ጥቂት ይተውለታልና፣ በተጠርጣሪው ጫማ የተገኘው አፈር ከምን ጋር እንደሚነጻጸር አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ስለ አስተሻሸጉ ብዙ አልልም። ደም የነካው ልብስ በፌስታል ከታሰረ በቆላው ሙቀት ታፍኖ ይበሰብሳል፤ በጥላ ደርቆ በወረቀት ከረጢት መግባት አለበት። በእያንዳንዱ ማኅተም ላይ ማን ለማን በስንት ሰዓት እንዳስረከበ ካልተጻፈ፣ ኤግዚቢቱ የሚናገረው ነገር የለውም።

ሠራተኛው የሚፈተንበት ሌላው ስፍራ ወረቀቱ ነው። የሪፖርቱ ቋንቋ ከማስረጃው እንዳያልፍ ትሕትና ያስፈልጋል፤ ስለ ጫማው «ከዱካው ጋር አይቃረንም» ማለትና «ዱካው የዚህ ጫማ ነው» ማለት እጅግ የተራራቁ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. በማድሪድ ባቡሮች ላይ ፈንጂ በፈነዳ ጊዜ፣ የፈንጂ ማቀጣጠያ ከነበረበት ከረጢት የተነሣውን አሻራ የኤፍ ቢ አይ ሊቃውንት ያለ ጥርጥር የአንድ የኦሬጎን ጠበቃ ነው አሉ፤ የመጀመሪያውን ፍርድ እንዲያረጋግጡ የተጠየቁትም ያንኑ ደገሙት፤ ሰውየውም ሁለት ሳምንት ያህል ታሰረ፤ በኋላ የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው፣ የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አስታወቀና ጠበቃው ተፈታ፣ ኤፍ ቢ አይም ይቅርታ ጠየቀ። የኋለኛው መርማሪ የፊተኛውን ፍርድ ሰምቶ ከመረመረ ምስክሮቹ ሁለት ቢባሉም ነገሩ ያው አንድ ምስክር ነው። በመልካም ሪፖርት ውስጥ ግን ተፈልጎ የታጣው ነገር፣ ያልተመረመረውም ስፍራ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ሙያ በአገራችን ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል የታየው የደርግ ባለሥልጣናት ለፍርድ ሲቀርቡ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የአርጀንቲናን የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ሊቃውንት ጠርቶ ነበር፤ በኮተቤ በተቆፈረው የጋራ መቃብርም ከዐፅሞቹ አንገት ጋር የናይሎን ገመድ ተገኘ። ገመዱ ዐፅሙ በተኛበት ስፍራ ሳለ ፎቶግራፍ ባይነሣና ከየትኛው አንገት እንደ ነበረ ባይጻፍ ኖሮ፣ በዳኛ ፊት የገመድ ቁራጭ ከመሆን አያልፍም ነበር።

በፍርድ ወንበር የተቀመጣችሁ ዳኞች ሆይ፣ እናንተም ጠበቆች፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ በ34ኛው አንቀጽ የሐኪም ምርመራ ውጤት በጽሑፍ እንዲሰፍር ያዘዘው በከንቱ አይደለምና፣ ባለሙያ በፊታችሁ ሲቆም ማዕረጉንና የሠራበትን ዘመን ከመጠየቃችሁ በፊት ማስመሪያ ያለበትን ፎቶግራፍ፣ ለማነጻጸሪያ የተወሰደውን አፈር፣ የርክክቡንም ወረቀት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ከሦስቱ አንዱን ካጣ ሪፖርቱን መልሱለት።