«የካትዌ ንግሥት» እና የካትዌ ብረት ሠሪዎች

ሚራ ናየር እ.ኤ.አ. በ2016 ያዘጋጀችው «የካትዌ ንግሥት» የተሰኘው ፊልም፣ በካምፓላ ከተማ በካትዌ ሰፈር ያደገችውን የቼዝ ተጫዋች የፊዮና ሙቴሲን ሕይወት ይተርካል። ተሰጥዎ በድሃ ሰፈርም እንደሚገኝ፣ አስተማሪ ሲያገኝም እንደሚያብብ ያሳያል። በዚህ እንስማማለን። እናትዋን ሆና የተጫወተችው ሉፒታ ንዮንጎም የምትመሰገን ናት።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ካትዌ ከቼዙ በፊት የታወቀው ከውዳቂ ብረትና አሉሚኒየም ድስት፣ ምድጃና በር በሚሠሩ ባለሙያዎቹ ነው። ፊልሙ ግን ካትዌን ሊያመልጡት የሚገባ ሰፈር እንጂ የሙያ ሰፈር አድርጎ አላቀረበልንም።

ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ዛሬ ውዳቂ ማለት ስልክና ኮምፒዩተርም ጭምር ነው። መዶሻና እሳት መዳቡንና አሉሚኒየሙን ያወጣሉ፤ ታንታለም የተባለውን ብርቅ ብረት ግን አያወጡም። ከመዳብ ጋር ሲቀልጥ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ፣ የብረት አር ከሚባለው ጥራጊ ጋር ይጣላል። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ፋብሪካ የምርቱን ትራፊ በየዓይነቱ ለይቶ ካስቀመጠ ታንታለሙን መልሶ ለማግኘት አይቸገርም፤ ለሰፈር ሠራተኛ የሚደርሰው ግን ሁሉም የተደባለቀበት ነው። ይኸው ማዕድን ከአገራችን ከቀንጢቻም እየተቆፈረ ወደ ውጭ ይላክ እንደነበር ልብ ይሏል።

እንግዲህ ፊልሙን ለተማሪዎቻችን ስናሳይ አንድ ጥያቄ እንጨምር። ለቼዝ ተጫዋቿ አስተማሪ ተገኘላት፤ ለብረት ሠሪው ልጅ ኬሚስትሪን ከነሙያው የሚያስተምረው ማን ነው? ከእኛ ከመምህራን በቀር ሌላ ማንን እንጠብቃለን?