ኩሽ ዝም ሲል

እዚህ ጂቡቲ ከተማ የምናስተምር ሁሉ ባንድ ዴሲኔ የሚባለውን፣ ታሪኩ በሥዕልና በምልልስ የሚተረክበትን መጽሐፍ እናውቀዋለን። የምናውቀውም ከተማሪ እጅ ስንነጥቀው ነው። ከነጠቅናቸው አንዱን መምህራን ማረፊያ ክፍል ገልጠን ማየት ጀመርንና ለባለቤቱ ሳንመልስ ሰነበትን። ሁጎ ፕራት የደረሰውና የሣለው «ሌ ዜትዮፒክ» ነበር።

ፕራት ጣሊያናዊ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ተወልዶ፣ በ1937 በወረራው ዘመን ወታደር አባቱ ወዳለበት ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ኋላም እንግሊዞች ከእናቱ ጋር ድሬዳዋ ካምፕ ውስጥ አሠሩት። በ1995 እስኪሞት ድረስ የልጅነት አገሩን ደጋግሞ ሥሏል። «የበረሃ ጊንጦች» ከተባለው ሥራው አንዱ ክፍል በርዕሱ የኛኑ ሙልሁሌን ይጠራል።

በ«ሌ ዜትዮፒክ» ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ መርከበኛው ኮርቶ ማልቴዝ ነው፤ ዐይኑን ከደን ያደርጋል፣ ሲጋራውን ያጨሳል፣ በሁሉም ነገር ያሾፋል። ሌላው ተዋጊው ኩሽ ነው። እሱ እምነቱን አጥባቂ፣ ኩሩና ቁጡ ነው። ምልልሱን ብቻ ነጥለን ብናነብ ኮርቶ ብልህ፣ ኩሽ ግን ግትር ሆኖ ይታየን ነበር። ሥዕሉ ግን ይህን ፍርድ ይከለክላል። ፕራት በጥቂት የጥቁር ቀለም ምት የኩሽን ፊት ያቀርብልናል፤ ፊቱም የማንም አምሳያ ያልሆነ፣ የራሱ ሐሳብ ያለው ሰው ፊት ነው። ቃል የሌለባቸው ሥዕሎች ሲመጡ አንባቢ የሰውየውን ዝምታ ለማንበብ ይገደዳል። ያን ጊዜ የኮርቶ ቀልድ ራሱ መሸሸጊያ መስሎ ይታያል።

ልዩነቱ እንዲገባን ኤርዤ በ1930 እና በ1931 ያወጣውን «ታንታን በኮንጎ» አጠገቡ አስቀመጥን። እዚያ የአገሬው ሰው ሁሉ አንድ መልክ ተሰጥቶት የተሰባበረ ፈረንሳይኛ ይናገራል። ሥዕሉም ምልልሱም ተባብረው ሰውነቱን ይነሱታል።

ፕራትንም ብንሆን ዝም ብለን አናልፈውም። ኩሽን «ከቤኒ አምር ነገድ የሆነ ዳናኪል» ይለዋል። ቤኒ አምር የምዕራብ ኤርትራና የምሥራቅ ሱዳን ሕዝብ ነው፤ ዳናኪል የሚለው ደግሞ ሌሎች ያወጡት ስም እንጂ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው አፋር ብሎ ነው። የአፋር ልጆች በሞሉበት ክፍል ይህን ስናነብ የተነሣው ሳቅ ቀላል አልነበረም። የሥዕሉ ብሩሽ ያከበረውን ሰው የደራሲው ብዕር በስሙ ላይ ሳተው ማለት ነው። ደግነቱ አንዱ ልጅ እንዳለው ፊቱ አልተሳሳተም።

በመጨረሻ አንድ ገጽ መርጠን ንግግሩን ሸፈንንና ተማሪዎቹ በአማርኛ እንዲሞሉት አዘዝን። ችግሩ ወዲያው መጣ። ፈረንሳይኛ «ቱ» እና «ቩ» ብሎ ይገላገላል፤ አማርኛ ግን አንተ፣ አንቱ፣ እርስዎ እያለ ሰውየውን ከነደረጃው ያስቀምጠዋል። ገሚሱ ኩሽን ለነጩ ሰው «እርስዎ» አስባለው። እኛም ለምን ብለን ጠየቅን፤ ከሥዕሉ ላይ ምኑ እንዲያ አሰኛችሁ? መልስ የሰጠ አልነበረም። አንዷ ተማሪ ግን ኩሽን በጠቅላላ «አንተ» አስባለችው፤ ኮርቶን ደግሞ ሲያሾፍ ብቻ «እርስዎ»፣ ከልቡ ሲናገር «አንተ»። ከንፈሩን አይታ ነው አሉ። ከዚህ የተሻለ የገጸ ባሕርይ ትንተና በድርሰት ወረቀት ላይ አርመን አናውቅም።

ይህን ለመሞከር የሚሻ መምህር ገጹን ፎቶ ኮፒ አንሥቶ በወፍራም ነጭ ወረቀት ይሸፍን። እኛ በመጽሐፉ ላይ ለጥፈን ስንልጠው ቀለሙ አብሮ ተነሣ፤ ባለቤቱም ሲመለስለት አላመሰገነንም።