ቤት ጠባቂው ቤተ ሰብ ነውን?

ሰው ቤቱን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶ መንገድ ሲሄድ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ በሩ፤ ስለ ቁልፉና ስለ ዕቃው ነው። በቤቱ ውስጥ ስለሚያድረው ሰው ማሰብ ግን ይረሳል። ጠባቂው ስንት ሌሊት ብቻውን እንደሚያድር፤ ምን እንደሚበላ፤ ምሽቱን በምን እንደሚያሳልፍ የሚጠይቅ የቤት ጌታ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልተች ያሰብሁት ይህንኑ ልማድ ነው፤ ይልቁንም በዘመናችን አዲስ መልክ ይዞ የመጣውን የቴሌቪዥኑን ጉዳይ። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን የሰው ጠባይ የሚታወቀው በትንሽ ነገር ነው።

የምኖረው በአዲስ ከተማ፤ ከመርካቶ አጠገብ ነው። በዚህ ሰፈር ቤት ማስጠበቅ የዘወትር ጉዳይ ነው። ነጋዴው ዕቃ ሊያመጣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቻይና ይሄዳል። መስከረም በገባ ጊዜ ደግሞ የጉራጌ ተወላጅ የሆነው ነጋዴ መስቀልን ከወላጆቹ ጋር ሊያከብር ሱቁን ዘግቶ፤ ልጆቹን ይዞ ወደ አገሩ ይወርዳል። በዚያ ሰሞን ሰው ከሰው የሚጋፋበት የመርካቶ መንገድ ጭር ይላል። ቤቱም ከገጠር ለመጣ የዘመድ ልጅ፤ ወይም ማታ ማታ ለሚማር ጎረምሳ አደራ ይሰጣል። ደመወዝ ብዙ ጊዜ የለውም፤ «የራሳችን ልጅ ነው» ይባላልና።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። «የራሳችን ልጅ ነው» የተባለው ጠባቂ፤ ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ያሻውን ፊልም ማየት ይፈቀድለታልን? የዛሬው ቴሌቪዥን እንደ ድሮው ተርታ ሣጥን አይደለም። በኢንተርኔት የባለቤቱን አካውንት ይዞ ይቆያል፤ በየወሩ የሚከፈልበት የፊልም አገልግሎት ይኖረዋል፤ ማን ምን እንደ ተመለከተም ይመዘግባል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ለጠባቂ መተው ወንበርን ወይም ድስትን እንደ መተው ያለ ነገር አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ሦስት ዓይነት ባለቤቶችን አይቻለሁ።

አንደኛው ሪሞቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ የሚሄድ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ልጁ ጥናቱን እንዳይረሳ ብዬ ነው» ይላል። ለብዙ ዓመት መምህር ስለ ነበርሁ ይህን ምክንያት ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ኪሱ ውስጥ ስልክ ያለውን ልጅ ቴሌቪዥን በመቆለፍ ወደ መጽሐፍ መመለስ አይቻልም። ስልክ የሌለውንም ቢሆን ባዶ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ማፋጠጥ ትጉህ ተማሪ አያደርገውም። እውነቱ ሌላ ነው፤ ባለቤቱ ቤቱን በሙሉ ያመነውን ልጅ በአንድ ሪሞት አላመነውም። ቤቱን የሚያህል ነገር አደራ የተባለ ልጅ ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ገበሬ እንኳ በአውድማ ላይ የሚያበራየው በሬ ከሚረግጠው እህል ቢጎርስ አይቆጣም።

ሁለተኛው ባለቤት በተቃራኒው የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለልጁ ሰጥቶት የሚሄድ ነው። ይህ ሰው ቸር ይመስላል፤ ነገር ግን ቸርነቱ ማስተዋል ይጎድለዋል። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ሳለ ጠባቂው የይለፍ ቃል ምን ያደርግለታል? እንግዳ ማዕድ ይካፈላል እንጂ የጎተራ ቁልፍ አይቀበልም። ያ ወረቀት ከጠባቂው ወደ ጓደኛው፤ ከጓደኛው ወደ ጓደኛው ጓደኛ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ሲመለስም የማያውቃቸው ሰዎች በእርሱ ገንዘብ ሲመለከቱ ያገኛል።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ቤቱን ቁልፍ የሚይዝ አንድ ተማሪ ነበረ። ይህ ተማሪ በዚያ ቤት ያለውን መጽሐፍ ሁሉ ተቀምጦ ማንበብ ይችል ነበር፤ ነገር ግን አንዱን እንኳ ለውጭ ሰው ማዋስ አይችልም ነበር። ለራስ መጠቀምና ለሌላ ማሳለፍ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሁላችንም ያለ ብዙ ማብራሪያ እናውቅ ነበር። ለቤት ጠባቂም ከዚህ የተሻለ ደንብ አላገኘሁም።

ሦስተኛው ባለቤት ምንም ሳይናገር የሚሄድ ነው። ከሦስቱ የባሰው ይህ ነው። ያልከለከለውን ነገር ኋላ እንደ ስርቆት ይቆጥረዋልና። በሰፈራችን አንድ ነጋዴ ለአንድ ወር ያህል ወደ ውጭ አገር ሄዶ ሲመለስ ቤቱን እንደ ተወው አገኘው፤ አንድ ማንኪያ እንኳ አልጠፋም። ዳሩ ግን ማታ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ልጁ የተመለከታቸውን ፊልሞች ዝርዝር አየ፤ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ልጁንም በቤተ ሰቡ ፊት «የተቀመጥኸው ልትጠብቅ ነው ወይስ ሲኒማ ልትገባ?» ብሎ ዘለፈው። ልጁ «ጋሼ፤ አትንካ አላሉኝም» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ልብሱን ሰብስቦ ሄደ። ነጋዴው ዛሬ በሩን የሚያስጠብቀው በደመወዝ ነው። በእኔ ፍርድ በዚያ ቤት አደራ የፈረሰው በልጁ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑን ሰላይ ባደረገው ባለቤት ነው።

ከባለቤቶቹ ቀጥሎ ፊልሙን የሚሸጡትን ኩባንያዎች መተቸት ተገቢ ነው። ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. አገልግሎቱን ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በሚበልጡ አገሮች በአንድ ቀን ከፈተ። በ2009 ዓ.ም. የይለፍ ቃልን መካፈል የፍቅር ምልክት ነው የሚል ቀልድ በይፋ አሰማ። ከስድስት ዓመት በኋላ፤ በ2015 ዓ.ም.፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ቤቶች አካውንታቸውን ለሌላ እያካፈሉ መሆናቸውን ገልጾ፤ አካውንት በአንድ ቤት አብረው ለሚኖሩ ሰዎች ብቻ መሆኑን አጠበቀ፤ ለውጭ ሰውም ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ። ሥራውን የሚሸጥ ሰው ዋጋውን መጠየቁ ነውር አይደለም፤ ፊልም የሚሠሩትም እንጀራ ይበላሉ። ነውሩ ገበያ ሲፈልጉ መካፈልን ፍቅር ብሎ፤ ገበያ ሲጠግቡ ጥፋት ማለት ነው።

ሆኖም ደንቡ አንድ መልካም ጥያቄ አስነሥቷል፤ የአንድ ቤት ሰው ማን ነው? የእኛ ቋንቋ ለዚህ ጥሩ መልስ አለው። ቤተ ሰብ ማለት የቤት ሰው ማለት ነው፤ ቃሉ ስለ ደም አይናገርም። በከተማችን ብዙ ሰው የሚመለከተው በውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እኅት በውጭ ምንዛሪ በሚከፍለው አካውንት ነው። በዋሽንግተን ያለው ወንድም የሥጋ ዘመድ ቢሆንም የመርካቶው ቤት ሰው አይደለም። በመርካቶው ቤት የሚያድረው፤ በሩን የሚዘጋው፤ ሌሊት ኮሽታ ሲሰማ የሚነሣው ግን ጠባቂው ነው። ኩባንያው ራሱ አንድን ቤት የሚለየው በዋናው መመልከቻ ቦታ ካለው ኢንተርኔት ጋር በተያያዙት መሣሪያዎች ነው። ጠባቂው በዚያው ቴሌቪዥን፤ በዚያው ኢንተርኔት ቢመለከት ሌላ ቤት አልተጨመረም። የይለፍ ቃሉን ይዞ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በአገራችን አብሮ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፤ በልጅነቴ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት በሩን ከፍቶ የሰፈሩን ልጅ ወለል ላይ ያስቀምጥ ነበር። ኋላም በመርካቶ ቪዲዮ ቤቱና የእግር ኳስ ማሳያ ቤቱ ወጣቱን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰበሰበው። ዛሬ ግን እያንዳንዱ በየክፍሉ ብቻውን ይመለከታል፤ ስለዚህ ማካፈል ቀድሞ ሳይታሰብ ይደረግ የነበረ ሲሆን አሁን ታስቦ የሚደረግ ሆኗል።

የቤት ባለቤት የሆናችሁ ወይም ነገ የምትሆኑ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ተናገሩ። በአንዱ አካውንት ውስጥ እስከ አምስት ፕሮፋይል መክፈት ይቻላል፤ አንዱን በጠባቂው ስም ክፈቱለት፤ የራሳችሁን በቁጥር ቆልፉ። እንዲህ ሲሆን የእርሱ ምርጫ ከልጆቻችሁ ምርጫ ጋር አይደባለቅም፤ እናንተም ዝርዝሩን ለመቁጠር ምክንያት የላችሁም። ስለ ኢንተርኔቱም አስረዱት። የቤቱ መስመር በወር ተከፍሎበት ያለ ገደብ የሚሠራ እንደ ሆነ ቢያይ የሚጎድል ነገር የለም፤ በጥቅል የሚገዛ እንደ ሆነ ግን ጥራት ያለው ምስል በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት እንደሚበላ ይወቀው።

ቤት የምትጠብቁ ወጣቶች ሆይ፤ ለእናንተም የምለው አለኝ። ያልተነገራችሁ ነገር ካለ ባለቤቶቹ ሳይሄዱ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ሕጉም የሚመለከተው ፈቃድን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባት ያስቀጣል። ይህን የምለው ፊልም ያየ ጎረምሳ ሁሉ ፍርድ ቤት ይቁም ለማለት ሳይሆን፤ አንዲት ቃል ፈቃድ ስንት ነገር እንደምትጠብቅ ለማሳየት ነው። የተፈቀደላችሁን ተመልከቱ፤ የይለፍ ቃል ለማንም አታሳልፉ፤ የእግር ኳስ ቀን ጓደኞቻችሁን ሰብስባችሁ የሰውን ሳሎን መግቢያ የሚከፈልበት ቤት አታድርጉ። የሌላውን ፕሮፋይል ከፍታችሁ ምን እንዳየ አትመርምሩ፤ ባለቤቱ እናንተን እንዳይሰልል እንደምትፈልጉ ሁሉ እናንተም እርሱን አትሰልሉ። ከዚህ ያለፈ ሰው፤ ዕቃው ሁሉ በቦታው ቢገኝ እንኳ፤ አደራ በላ ከመባል አያመልጥም።

ባለቤቱም «የራሳችን ልጅ ነው» የሚለውን ቃል ደመወዝ ላለመክፈል ብቻ አይጥቀስ። ቃሉን ካለ፤ ልጁ ማታ በሩን ዘግቶ፤ እራቱን በልቶ፤ ሳይሰጋ በዚያ ሳሎን ተቀምጦ አንድ ፊልም ያይ ዘንድ ይገባዋል።