ማርሚታው እስኪቀዘቅዝ

አዳማ፣ ላቫጆ ቤት። አጣቢው ልጅ ሞተር ሳይክሉን ካቆመ በኋላ የጭስ ማውጫው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ትኩስ ማርሚታ ላይ የተረጨ ውሃ ቶሎ ተንኖ ነጭ ነጠብጣቡን ትቶ ይሄዳል። ከሞጆ እስከ መቂ ያለው አቧራ ከዘይት ጋር ተጋግሮበታል፤ ነፋስ ያመጣው ፌስታልም ቀልጦ ተለጥፏል።

ዝገቱን የሚያነሳበት መንገድ ያስደንቀኛል፤ የአሉሚኒየም ፎይል ቁራጭ ጨምድዶ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ቀስ እያለ ያሻል። አሉሚኒየም ከቱቦው ክሮም ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ አይጭረውም። ከሲሊንደሩ አጠገብ ያለው ወርቃማና ሰማያዊ ቀለም ግን እድፍ አይደለም፤ ሙቀት የፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። እሱን ሳይነካው ሲያልፍ ደስ ይለኛል፣ ውበት አለውና። በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ ሲያበቃ ጎንበስ ይላል፤ ቱቦው ላይ ፊቱ ረዝሞ ይታየዋል።