ከሻንጣው ምን ጎደለ?

በምንኖርበት አገር ክረምት ሲቃረብ ወይም የማዕበል ወሬ በቴሌቪዥን ሲነገር በየቤቱ አንድ ሻንጣ ይዘጋጃል። ውኃ፣ የእጅ ባትሪ፣ ክብሪት፣ የታሸገ ምግብ፣ ብርድ ልብስ፣ የቁስል ማሰሪያ። የአሜሪካ መንግሥትም ዜጎች ቢያንስ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ስንቅ እንዲያስቀምጡ ይመክራል። መልካም ምክር ነው፤ እኔም አዘጋጅቻለሁ። ከዚህ አልፎ ግን ውድ ድንኳንና የውኃ ማጣሪያ የሚሸጡ መደብሮች፣ ያለ ክብሪት እሳት ስለ ማንደድና የዱር ሥር ቆፍሮ ስለ መብላት የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሌላ ነገር ጨምረው ይሸጡልናል። ዕቃው ካለህና ሙያው ከገባህ ማንንም ሳትፈልግ ለብቻህ ትተርፋለህ የሚል ተስፋ። ለመሆኑ ይህ ተስፋ እውነት ነውን?

ጥያቄውን ለመመርመር በቅርቡ ደግሜ ያነበብኩት የጆን ክራካወር «ኢንቱ ዘ ዋይልድ» ጥሩ አጋጣሚ ሰጠኝ። መጽሐፉ በ1996 ታትሞ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ2007 በሾን ፔን አዘጋጅነት ፊልም ሆኗል። ብዙዎቻችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ክሪስ ማካንድለስ የተባለ ወጣት በ1990 አትላንታ ከሚገኘው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። 24,000 ዶላር ገደማ የሚሆን ገንዘቡን ረሃብን ለሚዋጋው ኦክስፋም ሰጠ፤ ስሙን ለውጦ፣ ለቤተሰቡ አድራሻ ሳይተው ጠፋ። በኤፕሪል 1992 መጨረሻ አላስካ ደርሶ ስታምፒድ ትሬይል በሚባለው የተተወ መንገድ ወደ ዱር ገባ፤ እዚያ ወድቆ የቀረ ቁጥር 142 የፌርባንክስ ከተማ አሮጌ አውቶቡስ አገኘና ቤቱ አደረገው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ አዳኞች ሬሳውን አውቶቡሱ ውስጥ አገኙት። የ24 ዓመቱ ጎልማሳ 30 ኪሎ ገደማ ብቻ ቀርቶት ነበር። ገንዘቡን ለተራቡ የሰጠ ሰው ተርቦ ሞተ።

በዚህ ሞት ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ክርክር ሲካሄድ ኖሯል። አንደኛው ወገን ልጁን እንደ ባሕታዊ ያየዋል። አውቶቡሱ መሳለሚያ ሆኖ ከየአገሩ ሰው ይጎርፍ ነበር፤ በ2010 እና በ2019 ሁለት ሴቶች ወደዚያው ሲጓዙ ወንዝ ወሰዳቸው። በመጨረሻ በጁን 2020 አውቶቡሱን በሄሊኮፕተር አንሥተው ወሰዱት። ሁለተኛው ወገን፣ በተለይ የአላስካ ሰዎች፣ ጅል ነው ይላሉ። ይዞት የገባው አምስት ኪሎ የማይሞላ ሩዝ፣ አነስተኛ ጠመንጃና ጥቂት መጻሕፍት ነበር። ደህና ካርታ አልነበረውም። በጁላይ መጀመሪያ ወደ ሰው አገር ሊመለስ ሲነሣ የቴክላኒካ ወንዝ ሞልቶ አገኘውና ተመለሰ። አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ግን ወንዙን የሚያሻግር የብረት ገመድ ተዘርግቶ ነበር፤ በካርታ ላይ ተመልክቷል።

ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም ጉዳዩን በአንድ ሰውና በአንድ ሻንጣ መካከል አድርገው ያዩታል። አንዱ ሻንጣውን ባዶ ማድረጉን ያደንቃል፤ ሌላው ሻንጣው ባለመሙላቱ ይስቃል። ክራካወርም ከዚህ አላመለጠም። ምን መርዝ ገደለው የሚለውን ሲመረምር ሃያ ዓመት አለፈው። መጀመሪያ አንዱን ተክል ከሌላው አሳስቶ በልቶ ነው አለ፤ ከዚያ የዱር ድንቹ ፍሬ ነው አለ፤ በ2013 ፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ አለ፤ በ2015 ደግሞ ኦዳፕ አይደለም፣ ካናቫኒን ነው አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለኬሚስት ደግ ጥያቄ ይሆናል። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ ተበትኖ እያለ ደራሲው ሳይሰበስበው ቀርቷል።

በጁን ወር ልጁ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘር ገደለ። ለወራት የሚበቃ ሥጋ ነው። በጭስ ሊያደርቀው ሞከረ፤ ዝንብና ትል አሸነፉት፤ ሥጋው ተበላሽቶ ለአውሬ ቀረ። በጭስ አድርቀው ብለው የመከሩት የደቡብ ዳኮታ አዳኞች ነበሩ። የአላስካ አዳኝ ግን በቀጭን በቀጭኑ ይዘለዝልና በነፋስ ያደርቀዋል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀመጥኩ። ቋንጣ ነው! እናቶቻችን ከዓመት በዓል ማግስት ገመድ ላይ የሚሰቅሉት ነገር ነው። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ እኛ ብንሆን አንሞትም ነበር ብዬ አሰብኩ። ብዙም ሳልቆይ ኩራቱ አሳፈረኝ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ልብ በሉ፤ ልጁ ሙያ አልጎደለውም፤ የተማረው ሙያ የሌላ አገር ሙያ ነበር። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚባለው ለካ ለመትረፍ ጥበብም ይሠራል።

ሁለተኛው ማስረጃ መጽሐፉ ነው። ለምግብ የሚሆነውን ተክል የሚለየው ፌርባንክስ በገዛው አንድ መጽሐፍ ነበር፤ የአላስካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ዴናይናዎች ስለ ዕፀዋት ያላቸው ዕውቀት የተሰበሰበበት ነው። የዱር ድንቹ ሥር እንደሚበላ በመጽሐፉ ተጽፏል። ስለ ፍሬው ግን ማስጠንቀቂያ የለም። ልጁም ሥሩ የሚበላ ከሆነ ፍሬው ምን ይከፋል ብሎ በላ። መጽሐፍ የሚበላውን ይነግራል፤ ሰው የማይበላውን አንሥቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ግን እጁን የሚይዘው አብሮት ያለ ሰው ነው። የዴናይና ልጅ ይህን ዕውቀት ያገኘው ከአያቱ ኋላ እየተከተለ እንጂ ገጽ እየገለጠ አልነበረም። ማካንድለስ የአያቶችን ዕውቀት በሻንጣው ከተተ፤ አያቶቹን ግን አልፈለገም።

አላስፈለጉኝም ማለቱንም እናውቃለን። በመጨረሻው ቀን በመኪናው ያሳፈረው የአላስካ ሰው ስንቁን አይቶ ደንግጦ ነበር። አንኮሬጅ ድረስ ወስጄ ዕቃ ልግዛልህ አለው፤ እንቢ አለ። በብዙ ልመና የጎማ ቦት ጫማና ምሳውን ብቻ ተቀበለው። ከዕቃውና ከምሳው ይልቅ እዚያ መኪና ውስጥ የነበረው ትልቁ ስንቅ አገሩን የሚያውቀው ሰውዬ ራሱ ነበር። ሥጋ እንዴት ይደርቃል፣ ወንዙ መቼ ይሞላል፣ በየት ይሻገሩታል ተብሎ አልተጠየቀም።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። «እኛ ብንሆን» ማለቴ ለምን አሳፈረኝ? ክራካወር በ2013 የጠቀሰው ኦዳፕ ማለት የጓያ መርዝ ነው። ጓያ ሲበዛ እግር እንደሚያሽመደምድ የአገራችን ገበሬ ከሳይንስ በፊት ያውቃል። ዕውቀቱም፣ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም አለው። ሆኖም በ1970ዎቹ አጋማሽ በደንቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹም በደላንታና ዳውንት ብዙ ወገን ለዘለቄታው ሽባ ሆኗል። ድርቁን ተቋቁሞ የሚበቅለው ጓያ ብቻ ሲሆን ሰው እያወቀ ይበላዋል። ስለዚህ ሙያ ይበቃል የሚለውን ብቻ ሳይሆን ማኅበር ይበቃል የሚለውንም የሚያፈርስ ማስረጃ ከራሳችን ጓዳ አለ። ጎተራው ባዶ ሲሆን አብሮ መኖር አብሮ መራብ ሊሆን ይችላል። ስንቅ አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ የጓያን ታሪክ ይጠይቅ።

በሌላ በኩል ከአንባቢዎቼ መካከል በ1980ዎቹ በእግሩ ሱዳን የገባ አይጠፋም። ከተማ ያደገው ተማሪ ምን ሙያ ነበረው? ብዙዎች ከበረሃው አልወጡም። የወጡት ሲናገሩ የምሰማው ግን ስለ ጫማቸው ጥራት አይደለም፤ ውኃው የት እንዳለ ስለሚያውቅ መንገድ መሪ፣ ቋንቋቸውን ሳያውቅ ስላስጠለላቸው የአገሬው ሰው ነው።

የራሳችን ሙያ በባዕድ አገር ምን እንደሚሆንም አይተናል። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን ብርድ ሲመታት ሚሊዮኖች ያለ መብራት ቀሩ፤ በክፍለ ግዛቱ መንግሥት ቆጠራ 246 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹን የገደላቸው ብርዱ ነው፤ ጥቂቶቹን ግን ለመሞቅ ያደረጉት ነገር ገደላቸው፤ ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ማስነሣት። በዚያ ሐዘን ወገኖቻችንም ነበሩበት። ከሰል አቀጣጥሎ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ደጅ አቆይቶ፣ ፍሙን ወደ ቤት ማስገባት አገር ቤት ማን የማያውቀው ሙያ ነው? በሣር ክዳንና በተሰነጠቀ ግድግዳ መካከል ነፋስ ይገባል፤ እዚያም ቢሆን ስንቱን ገድሏል። የአሜሪካ ቤት ግን ነፋስ እንዳያስገባ ተደርጎ የተደፈነ ነው። የደቡብ ዳኮታው ጭስ አላስካ ላይ እንዳልሠራ ሁሉ የእኛም ምድጃ እዚህ አልሠራም። ስደተኛ ማለት ሙያው ሁሉ የሌላ አገር ሙያ የሆነበት ሰው ነው። ይህን ጉድለት በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ አይሞላውም፤ የሚሞላው በመጠየቅ ነው።

ችግሩ መጠየቅ አንወድም። ተምረናል፣ ሠርተናል፣ የማንንም ፊት አላየንም እንላለን። ማኅበር የለንም አይባልም፤ በየከተማው እድር አለን። እድራችን ግን የተደራጀው ለሞታችን ነው። ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሌሊት ብዙ ሺህ ዶላር እናዋጣለን፤ መብራት የጠፋበትን ወገን አንኳኩቶ የሚጠይቅ ተረኛ ግን የለንም። ከአገሬው ጎረቤት ጋርማ ሰላምታ ካለ ብዙ ነው። የእድሩ መዝገብ የየአባሉን አድራሻ ይዟል። ያን መዝገብ ሰው ሳይሞት በፊት መክፈት ምን ያስቸግራል?

በበኩሌ ሻንጣዬን አልጣልኩም፤ ውኃው ይለወጣል፣ ባትሪው ይፈተሻል። መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ግን ለዓመታት አጠገቡ የኖርኩትን አዛውንት ጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ጎርፍ ቢመጣ በየት እንደምወጣ በካርታ ያሰመርኩትን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው አዩና፣ ያ መንገድ ዝናብ ሲበረታ ከሁሉ ቀድሞ ውኃ የሚውጠው ነው አሉኝ። ሌላውን መንገድ በእርሳስ ራሳቸው አሰመሩልኝ። እኔም ስልኬንና የእድራችንን ሊቀመንበር ስልክ ጽፌ ሰጠኋቸው።

ቸር ይግጠመን።