የገና ድፎ በቡሪ፦ የሚለወጠውና የማይለወጠው

ገና ሲቃረብ «የገና ኬክ» ማዘዝ በአዲስ አበባም ሆነ ከአገር ውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ስሙ ከውጭ የመጣ ነው፤ ግሱ ግን የአገር ቤት ነው። በሠርግም ሆነ በልደት ኬክ «ተቆረሰ» ማለት በአማርኛ የተለመደ ነው። መቁረስ ደግሞ የዳቦ ግስ ነው፤ ካህን ወይም የቤቱ አባት ባርኮ ለተሰበሰበው ሁሉ የሚያካፍልበት ተግባር ነው። ቋንቋው የነባሩን ዳቦ ክብር ለእንግዳው አበድሮታል። መጠየቅ ያለበት ኬኩ ለዚህ ብድር የሚበቃ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ድፎ ዳቦ በነባሩ አሠራር ከስንዴ ዱቄት፣ ከእርሾ፣ ከጨውና ከውሃ ይቦካል፤ ጥቁር አዝሙድ ይጨመርበታል። ቅቤም እንቁላልም አይገባበትም። ኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም እስከ በዓሉ ዋዜማ ስለሚዘልቅ፣ ዳቦው የሚጋገረው በጾም፣ የሚቆረሰው ግን በፍስክ ነው። በጾም የተዘጋጀው ምግብ ከዶሮ ወጡ ቀድሞ በመቅረቡ ሁለቱን ወቅቶች ያገናኛል። አጋገሩም የራሱ ጥበብ አለው። ሊጡ ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ላይ ይፈስሳል፣ በሌላ ኮባ ይሸፈናል፣ በላዩ በተደፋው ብረት ላይ ፍም ይደረጋል፤ «ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት» የሚባለውም ለዚህ ነው። ኮባው እንፋሎቱን ይይዛል፣ ሊጡ እንዳያር ይከላከላል፣ መዓዛውንና የጅማቱን ቅርጽ በቅርፊቱ ላይ ይተዋል።

የበዓል ዳቦ በዘመን መለወጡ በሌላውም ዓለም የታየ ነው። የጀርመኗ ድሬስደን ሽቶለን በጾሙ ምክንያት በዘይት ይጋገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1491 ጳጳሱ ኢኖሰንት 8ኛ በላኩት ደብዳቤ ቅቤ ተፈቀደለት። ከዚያ ወዲህ እየጣፈጠ ሄደ፤ ከጾሙ ጋር የነበረውም ዝምድና ላላ። የሚላኖው ፓኔቶኔ ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአንጀሎ ሞታ እጅ ዛሬ የሚታወቅበትን ረጅም ቅርጽ ያዘ፤ የፋብሪካ ምርትም ሆነ። ሆኖም የኢጣሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ድንጋጌ በዚህ ስም የሚሸጥ ሁሉ በተፈጥሮ እርሾ እንዲቦካና ከ16 በመቶ ያላነሰ ቅቤ እንዲኖረው ወሰነ። ቅርጹን በነፃነት የለወጡት ሰዎች የማይለወጠውን በግልጽ ለይተው አስቀመጡ።

ይህ ልየታ ለስደተኛ ማኅበረሰብ ይበልጥ ያስፈልጋል። በምሥራቅ ካርቱም፣ በዓባይ ዳር በምትገኘው ቡሪ እንሰት አይበቅልም፤ ድፎ ለመጋገር የሙዝ ቅጠል ወይም ፎይል፣ በሸክላ ምጣድ ፈንታም የጋዝ ምድጃ መጠቀም ግድ ይሆናል። ታኅሣሥ 29 በካርቱም የኮፕቶችም የልደት በዓል ነው፤ በቅቤ የሚሠራውና ስኳር የሚነሰነስበት ከዕካቸው የጣፋጩን ፈተና ቅርብ ያደርገዋል። የዳቦን ዋጋ ግን ቡሪ ከማንም በላይ ታውቃለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በአትባራ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከ1 ወደ 3 ፓውንድ መናሩ የቀሰቀሰው ተቃውሞ ወደ ዋና ከተማው ሲዛመት፣ ቡሪ ከዋነኞቹ የተቃውሞ ሰፈሮች አንዷ ሆነች። የዚያ ዓመት ገና የዋለው በዚሁ መሐል ነበር። አንድን ዳቦ ለብዙዎች መቁረስ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ወቅት ማብራሪያ አያሻውም ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ነዋሪውን በተነ። ከካርቱም ሸሽተው በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የገቡ ኢትዮጵያውያን ምጣድና ምድጃ ተሸክመው አልመጡም። ይዘው የመጡት ሊጡ እንዴት እንደሚቦካና ዳቦው እንዴት እንደሚቆረስ ያላቸውን ዕውቀት ነው። ስለ ድፎ መታደስ የሚሰጥ ፍርድም በዚህ ቢመዘን ይገባል።

በዚህ መለኪያ ከላይና ከታች የሚያግለው የኤሌክትሪክ መጋገሪያ የድፎ ሕጋዊ ወራሽ ነው፤ የሁለቱን እሳት ሐሳብ ጠብቋልና። ፎይል እንፋሎቱን ቢይዝም የኮባውን መዓዛ ሊተካ አይችልም፤ ጉድለቱ ሳይሸፋፈን ሊነገር ይገባል። የክሬም ኬኩ ግን በገና ማዕድ ላይ የድፎን ቦታ ሲይዝ አይሳካለትም። ጣዕሙ የሚነቀፍ ሆኖ አይደለም፤ በፒያሳው ኤንሪኮ ኬክ ቤት ስም የሚታወሰው ባህል በራሱ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ቅቤና እንቁላሉ ከጾሙ ይለየዋል፤ ቁራሹም ብዙ ጊዜ ከምርቃቱ ይልቅ ፎቶግራፉን ይጠብቃል።

ለኬክ ሠሪዎች መንገዱ ዝግ አይደለም። በዘይትና በማር የለሰለሰ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የገባበት፣ በኮባ ላይ የተጋገረ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ትልቅ ዳቦ ቢሞክሩ፣ አዲስ ነገር ፈጥረውም «ይቆረሳል» ለሚለው ግስ ታማኝ ይሆናሉ።